የሥራ ማስታወሻ፦ በኬርሲ አምባ ላይ የተናደ የበግ ግጦሽ ካብ መልሶ መካብ

ቦታው በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ኬርሲ በሚባለው አገር፣ በሎት ግዛት፣ ከካኦር ከተማ በስተምሥራቅ ሊሞኝ አካባቢ ያለች ትንሽ የገበሬ መንደር ናት። አካባቢው ኮስ የሚባለው የኖራ ድንጋይ አምባ ነው። ዝናቡ በአለቱ ስንጥቅ ሰርጎ ከመሬት በታች ስለሚወርድ ላይ ላዩ ጅረት የለም፤ አፈሩም ስስ ነው። የሚታረሰው ክሉፕ በሚሏቸው ጎድጓዳ ቦታዎች የተጠራቀመው ቀይ አፈር ነው። የቀረው አጫጭር ኦክ፣ ጥድና ሣር የበቀለበት የበግ ግጦሽ ሲሆን በካብ የተከፋፈለ ነው። ካቡን ያመጣው ማጠሩ ብቻ አይደለም። ከማሳው የተለቀመው ድንጋይ የሆነ ቦታ መሄድ ነበረበት፤ ደህና ደህናው ዳር ላይ ተካበ፣ የተረፈው ካይሩ በሚባል ክምር ተቆለለ።

ብዙዎቹ ካቦች በፊት የወይን ማሳ ያጥሩ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፊሎክሴራ የተባለው የሥር ተባይ ወይኑን ጨረሰው፤ ሰዉም ለቀቀ። በእ.አ.አ. 1851 ወደ 296 ሺህ ሕዝብ የነበረው ሎት በ1954 ወደ 150 ሺህ ወርዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ካብ የቆመው ያለ ጠጋኝ ነው። ዛሬ ለጥገና የሚያበቃው በጉ ነው፤ ግጦሽ እስካለ ድረስ ካብ የሚፈልግ ገበሬ አለ።

የተናደው 5 ሜትር ያህል ነው። በአንድ ወገን የበግ ግጦሽ፣ በሌላው ወገን ለትሩፍል፣ ማለትም ከመሬት በታች በዛፍ ሥር ላይ ለሚበቅል ውድ እንጉዳይ፣ የተተከለ የኦክ ማሳ አለ።

ከመንካት በፊት

መጀመሪያ የካቡ ባለቤት ማን እንደሆነ ይጣራል። በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 653 መሠረት በእርሻ አጥሮች መካከል ያለ ግንብ ሌላ ማስረጃ ወይም ምልክት ከሌለ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ምልክት የሚባለውን አንቀጽ 654 ይናገራል፤ የግንቡ ራስ በአንድ ወገን ቀጥ ብሎ በሌላው ወገን ተዳፋት ከሆነ፣ ግንቡ ውሃው የሚፈስበት ወገን ባለቤት ነው ይባላል። እዚህ ያለው ክዳን፣ ማለትም በካቡ ራስ ላይ የሚደረደረው ድንጋይ፣ ወደ የትም አያዘነብልም፤ ስለዚህ ወጪውም ሥራውም የሁለቱ ነው። ማዘጋጃ ቤት ገብቶ ካዳስተሩን፣ ማለትም የመሬት ይዞታ ካርታውን፣ ማየትና ከጎረቤት ጋር በጽሑፍ መስማማት ይቀድማል። ድንጋዩ ከወረደ በኋላ የሚነሣ ክርክር አያልቅም።

ወቅቱ መስከረም ነው፤ ይህ ምርጫ እንጂ አጋጣሚ አይደለም። በጸደይ በካቡ ጉድጓድ ውስጥ ወፎች ይፈለፍላሉ፣ በክረምት፣ ማለትም በአውሮፓ የብርድና የውርጭ ወራት፣ ደግሞ እባብ፣ እንሽላሊትና ጉርጥ ውስጡ ይተኛሉ። በተለይ እስከ 60 ሳንቲሜትር የሚደርሰውና በጎኑ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለው ትልቁ እንሽላሊት በሕግ የተጠበቀ ነው። በመስከረም ሁሉም ነቅተው ስለሚንቀሳቀሱ ድንጋዩ ቀስ ተብሎ ሲነሣ ራሳቸው ይሄዳሉ። የአጥር ቁጥቋጦ መቁረጥም ቢሆን የአውሮፓ የግብርና ድጎማ ለሚቀበል ገበሬ ከማርች 16 እስከ ኦገስት 15 የተከለከለ ስለሆነ፣ ካቡን የወረረውን እሾህ ማጽዳት ከዚያ በኋላ ይሆናል።

ሰኞ፦ ንዳዩን ማንበብ

ዛሬ አንድም ድንጋይ አልተነሣም። ካብ ለምን እንደተናደ ሳይታወቅ ቢካብ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ምክንያት ተመልሶ ይናዳል፤ ጥገና የተባለው ሥራ አብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የወደቀው ድንጋይ አብዛኛው በትሩፍሉ ማሳ በኩል፣ ካቡ እግር ሥር ተከምሯል፤ ርቆ የተወረወረ የለም። ይህ የዱር አሳማ ጥሶት ከሚሄደው ፍርስ ይለያል፤ የዱር አሳማ ከላይ ያለውን ብቻ ገፍቶ ይበትናል። እዚህ ግን ፊቱ ቀስ በቀስ ሆድ አውጥቶ በራሱ ክብደት ወርዷል። በቀረው ጫፍ ላይ ሲባጎ ሲወጠር፣ ገና ባልወደቀው ክፍል እንኳ ወገቡ ላይ ወደ 6 ሳንቲሜትር አብጧል።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ከንዳዩ ግራና ቀኝ ክዳኑ የለም፤ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ለአትክልት ቦታ መንገድ ስለሚፈለግ ከካብ ራስ ላይ እየተነሣ ይወሰዳል። ክዳኑ ዝናብ ለመከላከል አይደለም፤ ውሃ በካቡ ውስጥ ቢያልፍ ጉዳት የለውም። ካቡ በሁለት ወገን የተካበ የድንጋይ ፊት፣ በመሃሉም በትንንሽ ድንጋይ የሚሞላ ሆድ አለው፤ ክዳኑ ሁለቱን ፊቶች ከላይ ተጭኖ አንድ የሚያደርግ ክብደት ነው። ሁለተኛ፣ የካቡ ሆድ በአፈርና በበሰበሰ ቅጠል ተሞልቷል። አፈር ውሃ ይይዛል፣ ውርጭ ሲመታው ያብጣል፣ ሲሟሟ ደግሞ ባዶ ቦታ ትቶ ይወርዳል። ሦስተኛ፣ ከንዳዩ መሃል ሥር ቀይ ሸክላ አፈር አለ፤ በበጋ ድርቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ከሱ ግራና ቀኝ ያለው መሠረት ግን አለት ላይ ተቀምጧል። አንዱ ሲወርድ ሌላው ቆሞ ይቀራል። አራተኛው ከካቡ 40 ሳንቲሜትር ላይ ያለው ኦክ ነው፤ የእጅ አንጓ የሚያህል ሥሩ ከመሠረቱ ሥር ገብቷል።

በጎቹን ለማቆም 50 ሜትር ርዝመትና 90 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው የኤሌክትሪክ መረብ በግጦሹ በኩል ተወጥሯል። በዚህ አምባ ላይ መረቡ ብዙ ጊዜ የማይሠራው በባትሪው ሳይሆን በምድር ሽቦው ምክንያት ነው። ደረቅ የኖራ ጠጠር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የበጉ ፀጉርም ይከላከላል። የምድር ዘንጉ ሸክላው ውስጥ ገብቶ አንድ ባልዲ ውሃ ሲፈስበት መለኪያው ወዲያው ከፍ አለ።

ማክሰኞ፦ ማውረድና መለየት

ሁለት ሰው፤ ወፍራም ጓንት፣ መነጽርና ጠንካራ ጫማ። መሣሪያው ዲጅኖ፣ ዶማ፣ አካፋ፣ 1.2 ኪሎ ግራም የምትመዝን መዶሻ፣ ትልቅ የድንጋይ መዶሻ፣ ሰፊ አፍ ያለው መሮ፣ ሲባጎ፣ ውሃ ልክ፣ የእጅ ጋሪና ባልዲ ነው። እጅ ወደማይታይ ቦታ አይገባም፤ ድንጋዩ መጀመሪያ በዲጅኖ ይገለበጣል። እፉኝት አለ።

የተናደውን ማንሣት ብቻ አይበቃም። ከሁለቱም ጫፍ ያበጠውን እየተከተልን ጤናማ ካብ እስኪገኝ ወረድን፤ 5 ሜትሩ 6 ሆነ። ጫፎቹ ቀጥ ብለው አይቆረጡም፤ በደረጃ መልክ ይወርዳሉ፣ አዲሱ ካብ በየደረጃው ላይ እንዲነከስ። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጫፍ ከላይ እስከ ታች አንድ ስንጥቅ ትቶ ያልፋል፤ ቀጣዩ ንዳይ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሥራውን የሚያፈጥነውም የሚያጓትተውም ድንጋዩ መሬት ላይ የሚዘረጋበት ሥርዓት ነው። ከካቡ እግር 80 ሳንቲሜትር መሄጃ ባዶ ይተዋል። ቀጥሎ ሆዱን የሚሞላው ትንንሽ ድንጋይ፣ ማለትም ሙሌት፣ ከሱ በኋላ የፊት ድንጋይ በውፍረት ተለይቶ፣ ከሁሉም ርቆ ክዳን። ክዳን መጀመሪያ የሚነሣ መጨረሻ የሚገባ ስለሆነ 3 ሜትር ርቆ ቢቀመጥ አያስቸግርም። ማሰሪያ ድንጋዮች፣ ማለትም ከአንዱ ፊት እስከ ሌላው የሚዘልቁት ረጃጅሞች፣ ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ ማንም ለሌላ ሥራ እንዳያነሣቸው በኖራ ምልክት ይደረግባቸዋል። ሁለት ፊት ስለሚካብ ይህ ሁሉ በሁለቱም ወገን ይዘረጋል።

እያንዳንዱ ድንጋይ በመዶሻ ይነካል። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ይቀመጣል። ድፍን ድምፅ ያለው ስንጥቅ አለው፤ ጭቃ የተቀላቀለበት የኖራ ድንጋይ ደግሞ ውርጭ ሁለት ሦስት ክረምት ከመታው በየቅጠሉ ይላጣል። እንዲህ ያለው ለሙሌትም አይሆንም፤ ሲፈርስ ቦታ ይለቃል። የወደቀው ሲጣራ አንድ አምስተኛው ያህል ጎደለ።

ሂሳቡ ይህ ነው። ርዝመት 6 ሜትር፣ ከክዳን በታች ቁመት 1.20፣ ውፍረት ከታች 75 ከላይ 45 ሳንቲሜትር። አማካዩ 60 ስለሆነ 4.3 ሜትር ኩብ፣ ክዳኑ ሲጨመር ወደ 5። ደረቅ ካብ፣ ማለትም ያለ ሲሚንቶ የተካበ፣ በሜትር ኩብ ወደ 1.7 ቶን ይመዝናል፤ ስለዚህ ከ8 ቶን ይበልጣል። የጎደለው አንድ ሜትር ኩብ በትራክተር ባልዲ ከካይሩ ይመጣል። ከካይሩ ሲወሰድ ከጎን ሳይሆን ከላይ ይጀመራል፤ ከሥር የተቦረቦረ ክምር ሰው ላይ ይመጣል።

ረቡዕ፦ መሠረት

ቦዩ 85 ሳንቲሜትር ስፋት ተቆፈረ፤ ከካቡ እግር 5 በያንዳንዱ ወገን ይበልጣል። በሁለቱም ጫፍ አለቱ በ15 ሳንቲሜትር ተገኘ። መሃል ላይ ያለው ሸክላ ግን ዲጅኖ በቀላሉ ይውጣል። ሙሉ በሙሉ አውጥቶ መጨረስ አይቻልም፤ እንዲህ ያለ ኪስ አንዳንዴ ከሰው ቁመት ይጠልቃል። መፍትሔው ዲጅኖው ሲመታ የሚያነጥረው ጠንካራ ንብርብር እስኪገኝ መውረድ ነው፤ እዚህ በ35 ሳንቲሜትር ተገኘ። ያ ቦታ ባሉን ሰፋፊና ከባድ ድንጋዮች ተሞላ። ረጅሙ ጎናቸው ወደ ውስጥ ይሆናል፤ ሁለቱ መጨረሻዎች ደግሞ ከሸክላው አልፈው አለቱ ላይ እንዲያርፉ ተደረገ። በዚህ መልክ ኪሱ ቢወርድ እንኳ ጭነቱ ወደ ጎን ይተላለፋል። ሲሚንቶ ማፍሰስ ሐሳብ ሆኖ ይነሣል፤ ነገር ግን ግትር ሰሌዳ በሚንቀሳቀስ ሸክላ ላይ ተሰንጥቆ ካቡን ይዞት ይወርዳል፣ ደረቅ ካብ ግን ትንሽ መንቀሳቀስን ይችላል።

ሥሩ አልተቆረጠም። ያን የሚያህል ሥር ቢቆረጥ ዛፉ ይታመማል፤ የጎረቤቱ ትሩፍልም የሚኖረው በዚያ ሥር ላይ ነው። ግራና ቀኙ ሁለት ድንጋይ ቆሞ በላያቸው 70 ሳንቲሜትር የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋደመ፣ ከሥሩ በላይ 8 ሳንቲሜትር ክፍት ተትቶ። ሥሩ እየወፈረ ሲሄድ ቦታ አለው።

ሐሙስ

ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ዝናብ። ደረቅ ካብ ሲሚንቶ ስለሌለው ዝናብ አያበላሸውም፤ የሚያቆመው እርጥብ የኖራ ድንጋይ እጅና እግር ስለሚያንሸራትት ነው። ቦዩ ውሃ ቋጥሮ ነበር፤ ወዲያው ሰረገ።

ዓርብ፦ ፊትና ሙሌት

መለኪያው እንዲህ ተዘጋጀ። ቀሪዎቹ ሁለት ጫፎች ጤናማ ስለሆኑ በየመገጣጠሚያቸው የብረት ችንካር ተሰክቶ ሲባጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሁለቱም ወገን ተወጠረ። እየተካበ በሄደ ቁጥር በ15 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። ካቡ በያንዳንዱ ሜትር ቁመት 12.5 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ በ1.20 ላይ በያንዳንዱ ፊት 15 ማለት ነው። ሁለቱ ፊቶች እርስ በርስ እየተደጋገፉ ይቆማሉ። ከኮንሶ እርከን ጋር የሚለየው ይህ ነው፤ እርከን አንድ ፊት ኖሮት አፈሩን ከኋላ ይደግፋል፣ ይህ ካብ ግን ከሁለቱ ፊቶቹ በቀር የሚደገፍበት የለውም።

ድንጋይ ሲባጎውን አይነካም፤ አንዱ ከነካ ሲባጎው ወጣ ይላል፣ ቀጣዩ ሰው ያን ወጣ ያለ መስመር ተከትሎ ይክባል፣ ከሦስት ረድፍ በኋላ ሆድ ተፈጥሯል።

አንዱን ድንጋይ ብቻ እንከተል። ርዝመቱ 35፣ ስፋቱ 20፣ ውፍረቱ 12 ሳንቲሜትር። 20ው ፊት ይሆናል፣ 35ቱ ወደ ሆድ ይገባል። ረጅሙን ጎን ፊት ላይ አጋድሞ መካብ ፈጣን ነው፣ ሲታይም ያምራል፣ ግን ካቡ ከውስጥ የሚይዘው ነገር አያገኝም፤ እንዲህ የተካበ ፊት እንደ ልጣጭ ይነሣል። ድንጋዩ የሥሩን ሁለት ድንጋዮች መገጣጠሚያ መሃል ለመሃል ይሸፍናል። ከዚያ አራቱ ማዕዘኖቹ በመዳፍ በየተራ ይጫናሉ። ቢወዛወዝ ይገለበጣል፣ ጎርበጥ ያለው ቦታ ይፈለጋል፣ በመዶሻ ጥርስ ይመታል፣ ተመልሶ ይሞከራል። አሁንም ከተነቃነቀ ሽብልቅ ይገባል፤ ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከሆድ በኩል። ከፊት የገባ ሽብልቅ ካቡ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ወጥቶ ይወድቃል፤ ድንጋዩም ይከተለዋል። መሬት ላይ የተበተኑት ትናንሽ ሰሌዳዎች የዚያ ምስክር ናቸው። ያረጀውና ግራጫ ሽበት ያለበት ፊት ወደ ውጭ ይደረጋል፤ አዲስ የተሰበረው ፊት ክሬም መልክ ስላለው ለብዙ ዓመት ይታያል።

ሙሌቱ የሚናቀው ክፍል ነው፤ ካቡን የሚያቆመው ግን እሱ ነው። ከእንቁላል የሚያንስ አይገባም፣ አፈር አይገባም፣ አካፋ አይቀርብም። እያንዳንዱ በእጅ ይቀመጣል፤ ከፊት ድንጋዮቹ ጭራ ጋር እየተነካከሰ። ሁለቱ ፊቶች አንድ ረድፍ ሲወጡ ሆዱም እኩል መሙላት አለበት። ሁለትና ሦስት ረድፍ ፊት አስቀድሞ ሙሌቱን በኋላ መወርወር የተለመደ ነው፤ የተወረወረ ጠጠር ግን ክረምቱን እየተቀመጠ፣ እየሰፋ ፊቱን ይገፋል። ሰኞ ባየነው የ6 ሳንቲሜትር እብጠት ውስጥ ይህም እጅ አለበት።

ከቀኑ መጨረሻ አንድ እይታ ያስፈልጋል፤ ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ ቁመት ላይ የሚዘልቅ መገጣጠሚያ መፈለግ። አንድ ስንጥቅ ሁለት ረድፍ ካለፈ ያቺ ድንጋይ ትወርዳለች፣ በሰፊ ድንጋይ ትተካለች። በተለይ አዲሱ አሮጌውን በሚነክስበት ደረጃ ላይ።

ቅዳሜ፦ ማሰሪያ

ካቡ 60 ሳንቲሜትር ደርሷል። እዚህ ውፍረቱ በትክክል 60 ስለሆነ በየሜትሩ አንድ ማሰሪያ ድንጋይ ይጋደማል፤ ለ6 ሜትሩ ስድስት ያስፈልጋል። ሁለቱን ፊቶች የሚይዛቸው ይህ ነው። አራት ብቻ በቂ ርዝመት ነበራቸው። በተቀሩት ሁለት ቦታዎች ከግራና ከቀኝ የገቡ ሁለት 40 ሳንቲሜትር ድንጋዮች ጎን ለጎን ተደርገው ጭራቸው 20 ሳንቲሜትር ተደራረበ፤ በላያቸው ከባድ ሙሌት ተጫናቸው። እንደ አንድ ድንጋይ ባይሆንም ይይዛል። ማሰሪያው ከፊት ወጣ ብሎ አይቀርም፤ በግ መወጣጫ ያደርገዋል።

እሁድ ሥራ የለም። የአደን ወቅት ተከፍቷል፤ ለዱር አሳማ የሚወጡ አዳኞች በኦክ ጫካው ውስጥ ናቸው።

ሰኞና ማክሰኞ፦ ላይኛው ግማሽና ክዳን

ከማሰሪያው በላይ ድንጋዩ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ሥራውም ይፈጥናል፣ ሆዱ ስለሚጠብ ሙሌት ያንሳል። እዚህ ላይ የሚፈጠረው ስህተት ትናንሽ ድንጋይ በብዛት መጠቀም ነው። የመጨረሻው ረድፍ በተቻለ መጠን ሰፋፊ፣ ከላይ ልሙጥ መሆን አለበት፤ ክዳኑ የሚቀመጠው በሱ ላይ ነው።

በዚህ አካባቢ ክዳን የሚካበው ጠፍጣፋ ድንጋይ በጠርዙ ቁሞ ነው። ከ20 እስከ 22 ሳንቲሜትር ቁመት፣ 45 ሳንቲሜትር ስፋት፣ ውፍረቱ 6 ያህል፤ አንዱ ወደ 14 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ለ6 ሜትር መቶ ያህል ያስፈልጋል። ከአሮጌው ክዳን ጠርዝ ይጀመራል፤ እያንዳንዱ በፊተኛው ላይ ትንሽ ዘንበል ብሎ በጉልበት ይጫናል። በየሜትሩ ቀጭን የድንጋይ ሽብልቅ ከላይ በመዶሻ ይገባል። የመጨረሻው ክፍተት ሲዘጋ ሁለት ሦስት ሽብልቅ ተከታትሎ ይመታል፤ ያኔ ድምፁ ይለወጣል፣ ሁሉም ይጠብቃል። መፈተሻው በክዳኑ ላይ መራመድ ነው፤ ከእግር ሥር የሚንኳኳ ካለ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል።

ክዳን ካነሰ በአግድም ትልልቅ ድንጋይ መጫን ይቻላል፤ ግን በግ ይወጣበታል፣ አላፊ አግዳሚም ያነሣዋል። የቆመው ግን በግ አይወድደውም፤ ለሌባም ከባድ ነው፣ ሁሉም እርስ በርሱ ተጣብቋልና።

የተረፈው ድንጋይ ካቡ ሥር አይተውም፤ ውሃ ያጠራቅማል፣ በግም ላዩ ላይ ቆሞ ይዘላል። አፈሩና የበሰበሰው ድንጋይ ወደ ካይሩ ሄደ። በትሩፍሉ በኩል ካቡ እግር አጠገብ የዳቦ ቁራጭ የሚያህሉ ሦስት ቀዳዳዎች ሳይሞሉ ቀርተዋል፤ ለእንሽላሊቱ ነው፣ ለካቡ ጉዳት የላቸውም።

ከዚህ በኋላ

መረቡ ተነሥቷል። ኮስ ዱ ሎት የተባሉት ጥቁር ጆሮና በዓይናቸው ዙሪያ ጥቁር ክብ ያላቸው በጎች ገብተዋል።

ሸክላው እርጥበቱን ስላልጨረሰ የመጀመሪያው ዓመት እንቅስቃሴ ይጠበቃል። ከክረምቱ በኋላ፣ በማርች ወር፣ ሦስት ነገር ይታያል። ሲባጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጥሮ መሃል ላይ ወገቡ ይለካል፤ እስከ 2 ሳንቲሜትር ቢለወጥ መቀመጥ ነው፣ ከዚያ ካለፈ ሙሌቱ ይመረመራል። ክዳኑ ከላላ ሽብልቆቹ ተመልሰው ይመታሉ፣ ጎድሎ ከተገኘ ቀጭን ይጨመራል። ሥሩ የሚያልፍበት ክፍተት በጠጠር ወይም በጎርፍ አፈር ከተሞላ ይጸዳል። በካቡ ላይ የሚወጣ ሐረግ ገና እርሳስ ሳያክል በሥሩ ይነቀላል፤ ከወፈረ በኋላ መሳብ ድንጋዩን ይዞ ስለሚመጣ ታች ተቆርጦ ባለበት እንዲደርቅ ይተዋል።